የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጡ ምን ነበር? ለምንስ ተዘጋ?

ኬሚ_ባሕርዳር፦

ሰላም ለቤቱ። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አንድ ነዳጅ ማጣሪያ መርጣችሁ ታሪኩንና አሠራሩን ጻፉ ተብለናል። አብዛኛው የክፍል ልጅ የናይጄሪያውን ዳንጎቴ መረጠ። እኔ አሰብን መረጥኩ። ኢትዮጵያ ድፍድፍ ያጣራችበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ስለሱ የሚወራው ግን የተዘበራረቀ ነው። አንዱ የዘጋው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው ይላል። ሌላው ከመጀመሪያውም የማይረባ ነበር ይላል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ "እሱ በእጃችን ቢሆን ዛሬ ማደያ ላይ አንሰለፍም" ባይ ነው። ማን ሠራው? ውስጡ ምን ምን ነበረው? ለምን ተዘጋ? የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የማነባቸው ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆኑ ዓመቱን በዚያው ብታደርጉልኝ ይቀለኛል።

ቀይባሕር፦

ጥሩ መርጠሃል። ከመነሻው ልጀምርልህ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ጎበኙ። ሶቪየቶች 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ፈቀዱላቸው። በጊዜው ምንዛሪ 100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው። ልብ በል፣ ያኔ አገሪቱ የአሜሪካ ወዳጅ ነች። አስመራ ላይ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያ አለ። ንጉሡ ግን ከሁለቱም ጎራ መቀበል ያውቁበት ነበር። ከብድሩ አብዛኛው ሳይነካ ቀረ። ሥራ ላይ ከዋለው ዋነኛው የአሰብ ማጣሪያ ነው።

በ1967 ማጣራት ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው በዓመት 500,000 ቶን ድፍድፍ ነበር። ይህ በቀን ወደ 10,000 በርሜል ነው። በኋላ አቅሙ አድጎ በቀን 18,000 በርሜል ገደማ ደርሷል።

ለምን አሰብ? የራሳችን ድፍድፍ አልነበረንም። ሁሉም በመርከብ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማጣሪያው ወደብ ላይ መሆን ነበረበት። ምጽዋ ለአስመራና ለሰሜኑ ትቀርባለች። መሀል አገሩን የሚመግበው አሰብ ነው፤ ጣሊያኖች ከአሰብ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርስ መንገድ ቀድመው ዘርግተው ነበር።

ስምህ ላይ ባሕር ዳር ስላየሁ አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም በዚያው ዘመን በሶቪየት እርዳታ የተሠራ ነው፤ በ1963 ተከፈተ። የፋብሪካ ቴክኒሻን የሚያወጣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ጎን ለጎን ነበር የመጡት። ይህ ሲነገር አልሰማም። ለእኔ ግን የዚያ ዘመን ትልቁ ቁም ነገር ነው።

የቦቴ_ሰው፦

ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ቦቴ ይዤ አሰብ ተመላልሻለሁ። ስለ ማሽኑ እነዚህ የተማሩት ይንገሩህ። እኔ ስለሚወጣው ልንገርህ።

ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ጥቁር ናፍጣ። ሁሉም የየራሱ መጫኛ ነበረው። ሹፌሩ ሁሉ በማታ ወይም በማለዳ መጫን ነው የሚፈልገው፤ የአሰብ ቀን ብረት አያስነካም። ከዚያ ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ ሰርዶ፣ ሚሌ። ከሚሌ ወዲህ አንዱ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፣ ሌላው በአዋሽ በኩል ይሄዳል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ጥቁር ናፍጣ ነው። ቆላ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። ደጋ ስትወጣ ይወፍራል። ፋብሪካ ደርሰህ ሳይሞቅ አይወርድልህም። የሚፈልጉት ሲሚንቶ ፋብሪካዎችና ትልልቅ ቦይለር ያላቸው ነበሩ። እነሱም ስንት ናቸው? ናፍጣ ግን ስንት አመጣህ ብሎ የጠገበ ከተማ አላየሁም።

ኬሚ_ባሕርዳር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ናፍጣ የጠገበ ከተማ አላየሁም" ያሉት ከማነባቸው ሰንጠረዦች ጋር ይገጥማል። ግን ማጣሪያው ለምን ናፍጣውን አብዝቶ ጥቁሩን አይቀንስም ነበር?

ቴክሳስ_ማማ፦

ጥያቄህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ማጣሪያ ላይ ነው የምሠራው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ድፍድፍ ከመርከብ ወደ ትልልቅ ታንከር ይገባል። እዚያ ይሰክናል፣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ጨው ማጠቢያ አለ። ድፍድፍ ጨዋማ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጨው ሳይታጠብ እሳት ላይ ከወጣ ቱቦውን ይበላዋል። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ያልፋል፣ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። ከዚያ ረጅሙ ማማ ውስጥ ይገባል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የማማውን መርህ ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ከአንድ ድስት ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መቀዳቱ ነው። ማማው ከታች ይፋጃል፣ ከላይ ቀዝቀዝ ይላል። ውስጡ በየደረጃው ትሪዎች አሉት። ቀላሉ እንፋሎት ጫፍ ድረስ ይወጣል፦ ጋዝና ቡታጋዝ፣ ቀጥሎ ጥሬ ቤንዚን። ከዚያ ዝቅ ብሎ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ ይቀዳል። ከእሱ ሥር ናፍጣ። ያልተነነው ጥቁሩ ከታች ይቀራል።

አሁን ዋናው ነገር። ማማው ይለያል እንጂ አይሰብርም፤ ማለትም ትልልቁን ሞለኪውል ወደ ትንንሽ አይከፍልም። ድፍድፉ ውስጥ የነበረውን ነው የሚሰጥህ። የመካከለኛው ምሥራቅን ድፍድፍ ብትወስድ ከጠቅላላው ግማሽ አካባቢ ጥቁር ሆኖ ከታች ይወጣል። እሳት ጨመርክ፣ ትሪ ጨመርክ፣ ይህ አይለወጥም። እንዲያውም እሳቱን ካበዛኸው ድፍድፉ ምድጃው ውስጥ ከስሎ ቱቦ ይዘጋል።

ማማ ብቻ ያለው ማጣሪያ ቶፒንግ ይባላል። በላዩ ላይ ሪፎርመር ሲጨመር ሃይድሮስኪሚንግ ይሆናል። ጥሬው ቤንዚን ኦክቴኑ ዝቅተኛ ነው፣ ሞተር ያንኳኳል። ሪፎርመር በፕላቲኒየም ካታሊስት (ለውጡን በሚያፋጥን ነገር) ላይ፣ 500 ዲግሪ አካባቢ እያሳለፈ ኦክቴኑን ከ90 በላይ ያወጣዋል። ሃይድሮጅንም ያተርፋል። ያ ሃይድሮጅን ናፍጣውን ከድኝ ለማጽዳት ይጠቅማል። ግን ሪፎርመርም ቢሆን ጥቁሩን አይነካውም።

ጥቁሩን ለመስበር ሌላ ፋብሪካ ነው የሚያስፈልግህ። መጀመሪያ ሁለተኛ ማማ፣ አየሩ የተመጠጠ፤ እዚያ ጥቁሩ ሳይከስል እንደገና ይተናል። የተነነው ወደ ካታሊቲክ ክራከር ወይም ወደ ሃይድሮክራከር ይሄዳል። ክራከሩ በዋናነት ቤንዚን ይሰጥሃል፣ ሃይድሮክራከሩ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ። የመጨረሻው ዝቃጭ ወይ ሬንጅ ይሆናል ወይ ኮከር ይገባል። እኔ የምሠራው ኮከር ላይ ነው። ዝቃጩን 500 ዲግሪ ገደማ አሙቀን ትልቅ ከበሮ ውስጥ እንለቀዋለን። ፈሳሹና ጋዙ ተንኖ ይወጣል፣ ከበሮው ውስጥ ከሰል ይቀራል። ከሰሉን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ቆርጠን እናወጣዋለን።

አሰብ ከነዚህ መሰባበሪያዎች አንዱም አልነበረውም። ቀላል ማጣሪያ ነበር። በቀን 18,000 በርሜል ማለት ወደ 2.86 ሚሊዮን ሊትር ነው። 45 ከመቶው ጥቁር ነው እንበል። የቀረው 1.57 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ በዛሬው 45,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 35 ቦቴ ያህል። ያውም ፋብሪካው ራሱ የሚያነደውን ሳንቀንስ። ከ35ቱ ላይ ቤንዚኑም፣ ነጭ ጋዙም፣ ናፍጣውም ይካፈላሉ። ጥቁሩ ብቻውን 28 ቦቴ ይሞላል። ጋሼ የነገሩህ ችግር ይኸው ነው።

ቀይባሕር፦

ለዚህ ነው በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ሰንጠረዥ ላይ "የነዳጅ ውጤቶች" የሚል መስመር የምታየው። የራሷ ድፍድፍ የሌላት አገር ነዳጅ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። የሚላከው ያ የተረፈው ጥቁር ናፍጣ ነው። መብራቱ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሆነ የኃይል ማመንጫ አያቃጥለውም። ፋብሪካዎቹም አልበቁትም። በርካሽ ተሽጦ ይወጣል፣ ድፍድፉ ግን በውድ ነው የገባው። ሒሳቡን አስበው።

አራትኪሎ_ልጅ፦

እኔ ከወንድምህ ጋር ነኝ። ሁላችሁም ስለጥቁር ናፍጣ ታወራላችሁ። ማጣሪያ ግን የነዳጅ ሊትር ብቻ አይደለም። እዚያ የሠለጠነው ኦፕሬተር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ብረት በያጁ፣ የመሣሪያ ቴክኒሻኑ የት ይገኛል ዛሬ? ሠላሳ ዓመት የሠራ ፋብሪካ እውቀት ነው። ያለቀለት ነዳጅ የምትገዛ አገር የማጣራቱን ትርፍም ለሌላ ትከፍላለች። ደግሞ ድፍድፍ ከብዙ ቦታ መግዛት ትችላለህ። ስለዚህ "ቀላል ነበር" ተብሎ ብቻ አይታለፍ። ቀላል ከሆነ ማሳደግ ነው።

ቀይባሕር፦

ስለ ባለሙያው የምትለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ስለ ሰልፉ ግን አንድ ታሪክ አለ።

በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ የድፍድፍ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር አካባቢ ወጣ። አሰብ ያኔ ሙሉ በሙሉ እየሠራ ነው። ታዲያ የካቲት 1966 በእኛ አቆጣጠር ምን ሆነ? መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ያ አድማ ነው። ማጣሪያ ነበረን። ድፍድፉ ግን የሰው ነው፣ የሚከፈለውም በዶላር ነው።

በደርግ ጊዜም እንዲሁ። በ1980ዎቹ ድፍድፉ በአመዛኙ ከሶቪየት ኅብረት ይመጣ ነበር። ያም ሆኖ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ሶቪየት ስትዳከም አቅርቦቱም አብሮ ደከመ። በ1990 መጀመሪያ ምጽዋ ተያዘች፣ አሰብ ብቸኛ ወደብ ሆነች። በግንቦት 1991 እሷም በሻዕቢያ እጅ ገባች።

ኬሚ_ባሕርዳር፦

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ሰው የሚያምታታው። ጦርነቱ ነው የዘጋው የሚሉት ልክ ናቸው?

ቀይባሕር፦

አይደሉም። ቅደም ተከተሉን ያዝ።

ከ1991 በኋላ ማጣሪያው ያለበት መሬት የኤርትራ ሆነ። ዋናው ገበያ ግን ኢትዮጵያ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው አብረው ማሠራቱን ቀጠሉ። በ1997 ደግሞ ተስማምተው ዘጉት። የተሰጠው ምክንያት የማሠሪያና የጥገና ወጪው መክበዱ ነው። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ የወጣው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው። ጦርነቱ የጀመረው በግንቦት 1998። ማጣሪያው በጦርነቱ ጊዜ አስቀድሞ ቆሟል። ጦርነቱ የዘጋው ወደቡንና መንገዱን ነው። ከዚያ ወዲህ ነዳጁ ተጣርቶ ነው የሚገባው፣ በአብዛኛውም በጅቡቲ።

እኔ የምለው፣ ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮም ያ ማጣሪያ ባለበት ሁኔታ አይከፈትም ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት፣ መጠኑ ትንሽ፣ ግማሹ ምርት ጥቁር። ቀይ ባሕር ማዶና ባሕረ ሰላጤው ላይ ደግሞ በቀን በመቶ ሺህ በርሜሎች የሚያጣሩ ፋብሪካዎች አሉ። ያለቀለት ናፍጣ ከእነሱ መግዛቱ ረከሰ። ያን ውሳኔ ፖለቲካ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው የማማውን ሒሳብ አላየም።

አራትኪሎ_ልጅ፦

እሺ፣ ግን ስለማሳደጉ ማንም አልመለሰልኝም። ክራከር ለምን አልተተከለም?

ቴክሳስ_ማማ፦

በቀን 18,000 በርሜል ላይ ክራከር መትከል ይቻላል፣ ግን አይከፍልም። ክራከር፣ የሃይድሮጅን ፋብሪካ፣ የድኝ ማውጫ፣ ተጨማሪ እንፋሎትና መብራት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የምትተክልበት ገንዘብ ከፋብሪካው መጠን ጋር እኩል አይቀንስም። የትንሹም ክራከር የቁጥጥር ክፍል፣ ባለሙያ፣ መለዋወጫ ከትልቁ ብዙ አያንስም። ለዚህ ነው የዛሬዎቹ ግዙፍ የሆኑት። ዳንጎቴ በቀን 650,000 በርሜል ነው፣ ከአሰብ 36 እጥፍ።

ናይሮቢ_ኗሪ፦

እዚህም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የሞምባሳው ማጣሪያ በ1963 ሥራ ጀመረ። ሼልና ቢፒ ናቸው የሠሩት። እሱም ሃይድሮስኪሚንግ ነበር። የኬንያ ነዳጅ ኩባንያዎች ከሚፈልጉት የተወሰነውን ድፍድፍ አምጥተው እዚያ እንዲያጣሩ ይገደዱ ነበር። እነሱ ደግሞ "ያለቀለት ከውጭ ብናስገባ ይረክሳል" እያሉ ዓመታት ተከራከሩ። በ2009 የሕንዱ ኤሳር ግማሹን ድርሻ ገዛ። ያሳድገዋል ተባለ። በ2013 ማጣራቱ ቆመ። ዛሬ ታንከሮቹ ለነዳጅ ማከማቻነት ያገለግላሉ። የዳሬሰላሙም እንዲሁ ማከማቻ ሆኗል። ስለዚህ የአሰብ ዕጣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጸብ ብቻ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ቀላል ማጣሪያዎች ሁሉ እዚያው ደርሰዋል።

ሱዳን_የነበርኩ፦

ካርቱምን አትርሱ። ከሁሉም የሚለየው እሱ ነው። በ2000 ከከተማው በስተሰሜን አል ጄሊ ላይ ቻይናዎችና የሱዳን መንግሥት በጋራ ሠሩት። በቀን 50,000 በርሜል ነበር፣ በኋላ 100,000 ደረሰ። ክራከር አለው። ፉላ ከሚባለው ቦታ የሚመጣው ድፍድፍ ከባድና አሲዳማ ስለሆነ ለእሱ ብለው ኮከር ጨመሩበት። ማለትም መጀመሪያ ድፍድፋቸውን አዩ፣ ከዚያ ማሽኑን መረጡ። ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ መኪና የነዳ ሰው ያን ቤንዚን ነድቶበታል፤ ኢትዮጵያ ለዓመታት ከሱዳን ቤንዚን ትገዛ ነበር። በአሁኑ ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል። በ2025 መጀመሪያ እሳቱን በቪዲዮ ሳየው አለቀስኩ። እንደዚያ ያለ ፋብሪካ በአንድ ቀን አይተካም።

ኬሚ_ባሕርዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። በእኛ መስከረም 2018 መጨረሻ አካባቢ ጎዴ ላይ የማጣሪያ ግንባታ መጀመሩ ተነግሯል። በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን ነው የተባለው። ድፍድፉ ሶማሌ ክልል ካለው የሂላላ መስክ። ከአሰብ ጋር ሳወዳድረው ምን ላይ ላተኩር?

ቴክሳስ_ማማ፦

3.5 ሚሊዮን ቶን በቀን ወደ 70,000 በርሜል ነው። ከመጀመሪያው አሰብ ሰባት እጥፍ። መጠኑ ደህና ነው።

ካርቱምን የጠቀሰው ወንድም መንገዱን አሳይቶሃል። መጀመሪያ ድፍድፉን እይ። ቀላል ድፍድፍ ከሆነ ጥቁሩ ትንሽ ነው፣ ከባድ መሰባበሪያ ላያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ናፍጣውን የሚያጸዳ ክፍል መኖሩን ጠይቅ። ድሮ ድኙ እንደመጣ ይሸጥ ነበር። የዛሬ መኪና ግን የጭስ ማጣሪያው ላይ ድኝ አይችልም። ይህ ክፍል ሃይድሮጅን ይፈልጋል፣ ሃይድሮጅን ደግሞ ከሪፎርመር ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ ይመጣል። ጋዙ እዚያው ክልል ካሉብ ላይ አለ፤ ቴኔኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ነው። ይህን አሰብ አልነበረውም። ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛ፣ ዝቃጩ የት ይሄዳል? አሰብ ባሕር ዳርቻ ስለነበር የተረፈውን ጥቁር መርከብ ላይ ጭኖ ይገላገለው ነበር። ጎዴ መርከብ የለም። ስለዚህ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሬንጅ ሆኖ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ወይ አጠገቡ የሚያቃጥለው ፋብሪካ ይኖራል። ሥዕልህን ስትሠራ ከማማው ግርጌ የምትወጣዋን መስመር እስከ መጨረሻዋ ተከተላት።

አራትኪሎ_ልጅ፦

በዚህ ተስማምተናል። እኔ የምጨምረው ከአሁኑ ልጆቹን ያሠልጥኑ ነው። ኦፕሬተር በዓመት አይወጣም። ፋብሪካው ሲያልቅ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከውጭ ከመጣ የአሰብን ግማሽ ትምህርት ጥለነዋል ማለት ነው።

የቦቴ_ሰው፦

መንገዱንም አትርሱ። አሰብ መንገዱ ከማጣሪያው በፊት ነበር። ማጣሪያው በተከፈተ ማግስት ቦቴ ይሄድ ነበር። ከጎዴ የተጫነ ቦቴ በቀብሪደሃርና በደገሃቡር ወደ ጅጅጋ ይወጣል፣ ከዚያ የሐረርጌ ተራራ አለበት። በኢሚና በጊኒር ወደ ባሌ የሚወጣውም ሌላ ዳገት ነው። 70,000 በርሜል የምትሉት በቀን ከ200 ቦቴ በላይ ነው። ያን ሁሉ ቦቴ በየቀኑ የሚሸከም አስፋልትና ድልድይ፣ ሹፌሩ የሚያርፍበት፣ ጎማ የሚጠገንበት ቦታ ከአሁኑ መሠራት አለበት። ካልሆነ ቧንቧ ይዘርጉ። ልጄ፣ ይህንንም ጽሑፍህ ውስጥ አስገባው።